ይህን ለእሱ አታንብብለት

ኅዳር 6

ለእታለም፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ሰላምታው በዚህ አለቀ። ልብስ ሰፊው ደብዳቤ ሲጽፍልኝ ሰላምታው ላይ ግማሽ ገጽ ይጨርስ ነበር፤ እኔ ቀለም አላባክንም። አዎ፣ እንዳትደነግጪ፣ ይሄ የራሴ እጅ ነው! ቃሉ መስመሩ ላይ ካልተቀመጠ ጥፋቱ የመስመሩ ነው፤ እኔ ብረት ሳቃና የኖርኩ ሰው ነኝ። የማታ ትምህርቴን ጨርሻለሁ። ከሠላሳ አንድ ተማሪ ሁለተኛ ወጣሁ። አንደኛ የወጣችው የፋርማሲው ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ እሷ ዕድሜ ልኳን የመድኃኒት ካርቶን ስታይ የኖረች ስለሆነች አልቆጥራትም። አስተማሪው «እንዳንተ ያለ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም» አለኝ። ቀጥሎም የሆነ ነገር ብሏል፤ የመጀመሪያው ስለበቃኝ አልሰማሁትም።

«ልብስ ሰፊው ለምን መጻፍ ተወ?» ላልሽኝ፣ ስላላስፈለገኝ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አፌም ዓይኔም እሱ ነበር፤ እኔ ስናገር ይጽፋል፣ አንቺ ስትጽፊ ያነብልኛል። አሁን የራሴ አለኝ። ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱን ለጊዜው ልዝለለው።

«መታጠፊያው ላይ ያለው ቦታ አሁንም ክፍት ነው?» ላልሽኝ፣ አይደለም። ተይዟል። ሰው በርሜል ሰንጥቆ፣ ፍርግርግ ጥዶ ሥጋ እየጠበሰበት ነው። እኔና አንቺ ስድስት ዓመት ያሰብንበት ቦታ ላይ! ውልሽ ጥር መጨረሻ እንደሚያልቅ አልረሳሁም። ለካምፑ ወጥ ቤት ሦስት ዓመት ልትጨምሪ ወይስ መጥተሽ ከእኔ ጋር ጥብስ ቤት ልትከፍቺ የምትወስኚው ይሄን አይተሽ ነው። ስለዚህ አልተቀመጥኩም። ማለቴ ተቀምጫለሁ፤ ከአውቶቡስ መጠለያው ሥር ሦስት ቀን ተቀምጬ ሰለልኩት። ሥጋውን ደግሞ ጎማ ጠጋኙን ልኬ አስገዛሁ።

ከሰሉ ጭስ የለውም። ፍንጣሪም የለውም። ሥጋውን እኩል እኩል ይቆርጠዋል፤ አንዱ ከአንዱ በጣት አይበልጥም። ጎድኑን ግን ስሚ፤ የጥብስ ቅጠል እንደ መጥረጊያ አስሮ፣ ጨው ባለው ውኃ እየነከረ፣ እሳቱ ላይ እንዳለ ይገርፈዋል። እታለም፣ ይሄ ያንቺ ነው! ገና ጥርሴ ሲነካው አወቅሁት። ደሜ ፈላ። ጨርሼ በላሁት፤ ሁለተኛም አስመጣሁ፤ ለማጣራት ነው።

ማን እንደሆነ ዛሬ አልጽፍልሽም። ስጽፈው ወረቀቱ የሚቀደድ ይመስለኛል።

ወንድምሽ፣ በያጁ (ራሱ የጻፈው)


ኅዳር 19

ለወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። እንኳን ደስ ያለህ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ወንድሜን ግን ፈልጌ አጣሁት።

ስድስት ዓመት ከደብዳቤህ ግርጌ አንድ መስመር አይጠፋም ነበር። «እታለም፣ ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? ትልቁን ድስት ብቻሽን እንዳታወርጂ» ትለኝ ነበር። ሦስት መቶ ድንጋይ ፈላጭ እያበላሁ፣ ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ ጋደም ስል፣ ያቺን መስመር ይዤ ነው የምተኛው። አሁን ፊደል ስትቆጥር እኔን ረሳኸኝ? ሰላምታ የቀለም ብክነት ከሆነ ለምን ስለ ጽዳት ሠራተኛዋ አምስት መስመር ጻፍክ?

ይሁን። ወደ ሥራው። ሰለልኩ ያልከኝ የተመልካች ወሬ ነው እንጂ የሠራተኛ ወሬ አይደለም። ጎድኑ እንደሚጣፍጥ ነገርከኝ። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። ሥጋው አልቆበት ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው አለ? ካለ ስንት? እሱ ነው ለሁለት ሰው የሚበቃ ገበያ መኖሩን የሚነግረኝ። ደንበኛው ቆሞ ይበላል ወይስ ይዞ ይሄዳል? ሰውዬው ሲደክመው ምን ያደርጋል፣ ይነጫነጫል ወይስ ይቀልዳል? ሥጋውን ከየትኛው የከብቱ ጎን ነው የሚገዛው? እሳቱና ፍርግርጉ ስንት ጣት ይራራቃሉ? ይህን አጣርተህ ጻፍልኝ። የካምፑ ጸሐፊ ውሉን ይዞ ወጥ ቤቱ በር ላይ መቆም ጀምሯል፤ «ፈርሚ» እያለ።

የሰውዬውን ማንነት ባትነግረኝም ግድ የለም።

እህትህ


ታኅሣሥ 1

ለእታለም፣

እንደምን ነሽ? እንደምን ነሽ? እንደምን ነሽ? ይኸው ሰላምታ፤ ሦስት።

ያልሽውን አጣርቻለሁ። ትናንት ሥጋው አልቆ የተመለሰ ሰው ሃያ ሦስት ነው፤ ከትናንት ወዲያ አሥራ ዘጠኝ። ግማሹ ቆሞ ይበላል፤ ግማሹ በወረቀት አስጠቅልሎ አውቶቡስ ላይ ይወጣል። ሥጋው የፊት ታፋና ጎድን ነው። እሳቱና ፍርግርጉ አራት ጣት ይራራቃሉ። ይሄን እንዴት በእርግጠኝነት አወቅህ ብትይኝ፣ ፍርግርጉን የበየድኩት እኔ ነኝ! ሐምሌ ላይ መጥቶ አሠራኝ። «ምን ልሠራበት መሰለህ?» ብሎ ጀምሮ ነበር፤ እኔ ስለ ብየዳዬ ጥራት እያስረዳሁት ስለነበር አልጨረሰውም። በሠላሳ ዓመት የማይነቀል ብየዳ ነው። እጄን ይቁረጠው።

ማን እንደሆነ አለመጠየቅሽ ገርሞኛል። እኔ ግን ካልተናገርኩ እፈነዳለሁ፤ ልብስ ሰፊው ነው! የእኛው ልብስ ሰፊ! ከሱቄ ጎን ያለው፣ ደብዳቤሽን ያነብልኝ የነበረው! ልብስ የሚያሰፋ ሲጠፋ መኪናውን ሸፍኖ ከሰል አቀጣጠለ። የጥብስ ቅጠሉን ነገር በሦስተኛው ዓመት የጻፍሽልኝ ጊዜ አንብቦልኛል፤ እኔ ረሳሁት፣ እሱ ያዘው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ሄድኩበት። ሰው ፊት፣ ሰልፉን ሰንጥቄ።

«አንተ!» አልኩት፣ «ካውያህን የት ጣልከው?»

«ካውያና ይሄ ምን ለያቸው፣ ወንድሜ? ሁለቱም ከሰል ነው። የሚፈነጥረውን ከሰል ከማይፈነጥረው መለየት ሠላሳ ዓመት የሰው ሱሪ እየተኮስኩ ተምሬዋለሁ» አለኝ።

«የእህቴን አሠራር ሰርቀህ!»

«አልሰረቅሁም።»

«ታዲያ ከሰማይ ወረደልህ?»

ጎድኑን አገላበጠና፣ «ቃሪያ ይጨመርልህ?» አለኝ። ይጨመርልኝ አልኩ። ቃሪያው ምን በደለ?

ጉልበት ያልሽው ምንድን ነው? እኔ ስለ ጉልበትሽ አንድ ቀን ተናግሬ አላውቅም። እንዳመመሽም አላውቅም። ይሄ ሰው በእኔ አፍ ምን ምን ሲልሽ ኖሯል? አርባ አንዱም ደብዳቤሽ የመሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ አለ። ከዛሬ ጀምሮ አንድ በአንድ በራሴ ዓይን አነባቸዋለሁ። ምን እንደደበቀኝ አገኘዋለሁ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 9

«ደብዳቤዎቹን ተዋቸው፤ አታንብባቸው፤ ብታቃጥላቸው ይሻላል» ብለሽ የላክሽው ማስታወሻ ዛሬ ደረሰኝ። ዘግይቷል። ትናንት ጨርሻቸዋለሁ።

ሰላምታ የለም።

የልብስ ሰፊውን ስርቆት ስፈልግ ያንቺን አገኘሁ። ከአርባ አንዱ ደብዳቤ በአሥራ አራቱ ግርጌ፣ በደቃቅ ጽሕፈት። እዚህ ልገልብጥልሽ፤ ረስተሽው እንደሆነ።

በመጀመሪያው ዓመት፤ «ለአንባቢው፦ ይህን ለእሱ አታንብብለት። ወንድሜ የሚለው ቦታ በእርግጥ አለ ወይስ በአፉ ብቻ ነው? አይተህ በደብዳቤው ግርጌ ጻፍልኝ።»

በሦስተኛው ዓመት፤ «ለአንባቢው፦ ይህን ለእሱ አታንብብለት። በርሜሉን ሰነጠቅሁ ይለኛል። እውነቱን ነው?»

ባለፈው ሰኔ፤ «ለአንባቢው፦ ይህን ለእሱ አታንብብለት። እስከ መስከረም ካልጀመረ አንተ ጀምር። አሠራሩን ከእኔ ደብዳቤ ታውቀዋለህ፤ ፈቅጃለሁ። ጥር ላይ እመጣለሁ።»

እመጣለሁ! ወደ ማን? ወደ እሱ!

እህቴ፣ እኔ እኮ እያንዳንዷን ወረቀት አቧራ እንዳይነካት ጠቅልዬ ያስቀመጥኩ ሰው ነኝ። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ማንበብ ባልችልም እያወጣሁ አያት ነበር። «ይሄ የእህቴ እጅ ነው» እያልኩ ለሱቅ ደንበኛ አሳይ ነበር። ስንቱ ማንበብ የሚችል ሰው ያቺን መስመር አይቶ ፊቴ ላይ ከንፈሩን ነክሷል? ጎማ ጠጋኙ አንድ ቀን ወረቀቱን አይቶ «ቆንጆ ጽሕፈት ነው» ብሎ ቶሎ መለሰልኝ። አሁን ነው የገባኝ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ዓመት ሙሉ ከሥራ በኋላ እየደከመኝ የጠመኔ አቧራ የዋጥኩት ይሄን ላነብ ነው?

መታጠፊያው ላይ ተቀምጬ ተፎካካሪያችንን አጠናሁ። ስንት ሰው ይመለሳል፣ ስንት ጣት ይራራቃል እያልሽ እኔን በእኔው ላይ ሰላይ አደረግሽኝ። ተፎካካሪያችን አንቺ ነሽ።


ታኅሣሥ 21

ለወንድሜ፣

በመጀመሪያ ይቅርታ። መስመሮቹን በመጻፌ አጥፍቻለሁ። በጀርባህ መሆን አልነበረበትም፤ ያውም በእጅህ ባስያዝኩህ ወረቀት ላይ። ይሄን አንብበህ ጨርስና ቀጥሎ ያለውን ደግሞ ቁጭ ብለህ አንብብ፤ ይቅርታ የማልልበት ነውና።

ልብስ ሰፊውን «ጀምር» ማለቴ አይጸጽተኝም። ስድስት ዓመት በአፍህ ስትጠብስ ኖርክ! በመጀመሪያው ዓመት በርሜሉ ተገዛ አልከኝ። በሁለተኛው ዓመት በርሜሉ ሊገዛ ነው አልከኝ። በአራተኛው ዓመት የበርሜሉን ቀለም ጠየቅከኝ። እኔ ቀይ ብዬ መለስኩልህ፤ ሞኟ! ልብስ ሰፊው ከሥር ምን ብሎ እንደጻፈልኝ ታውቃለህ? «ቦታው አለ። በርሜል የለም። ወንድምሽ አሁንም እየነገረኝ ነው» ይላል። ሌላ ነገር አልጨመረም። ስምህን አላጠፋም። እንዲያውም ጀምር ስለው ሁለት ጊዜ እምቢ አለኝ፤ «እሱ ሳያውቅ አልነካውም» አለ። «እንግዲያው ንገረው» አልኩት። «ሦስት ጊዜ ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ቀደመኝ» ብሎ ጻፈልኝ። ፍርግርጉን ሊያሠራህ የመጣ ዕለት እንኳ ልነግረው ነበር ይላል። አንተው ራስህ ጽፈህልኛል፤ አላስጨረስኩትም ብለህ።

ጉልበቴን የሚጠይቀኝ አንተ አለመሆንህን ጠርጥሬ ነበር። አንተ እንዲያ ያለ ቃል ከልጅነትህም አልነበረህም። ግን ማወቅ አልፈለግሁም። ድንጋይ መሃል የተቀመጠ ሰው ከየትም የመጣለትን ጥሩ ቃል አይመልስም።

ሃያ ዓመት እሳት ፊት ቆሜያለሁ። ሌላ ሦስት ዓመት ብፈርም ከዚህ በእግሬ አልወጣም። አንተን ብጠብቅ ደግሞ ጥር ያልፋል፣ የሚቀጥለው ጥርም ያልፋል። ምን ላድርግ ነበር? ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። አንተ ለእኔ እንዲያ ነህ።

ተፎካካሪያችን አንቺ ነሽ አልከኝ። ተፎካካሪ እኮ የሚሠራ ሰው ነው፤ መጀመሪያ አንተ ሥራ።

እህትህ


ጥር 2

ለእታለም፣

«ተናድደህ ተናድደህ ምን አሰብክ?» ብትይኝ፣ አላሰብኩም። ሠራሁት።

በሦስት ቀን! ስድስት ዓመት ያልሆነው በሦስት ቀን ሆነ። በርሜሉን ሰነጠቅሁ፣ እግር አበጀሁለት፣ ፍርግርጉን በየድኩ፣ ለጭሱ ጎሮሮ አወጣሁለት፣ ጎኑ ላይ የመክተፊያ ጠረጴዛ ቀጠልኩለት። የልብስ ሰፊውን እንደሠራሁት አራት ጣት አይደለም፤ እንደ ሬዲዮ በመዘውር ከፍ ዝቅ የሚል ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ በዚህ ከተማ የለም። ሰው መንገድ ላይ ቆሞ እያየው ነው። አንድ ሽማግሌ «ጀነሬተር ነው?» ብለውኛል።

የተከልኩት የት እንደሆነ ልንገርሽ፤ ከእሱ ማዶ፣ ፋርማሲው ግድግዳ ሥር። ሃያ ሁለት እርምጃ ነው፤ በእርምጃ ለክቼዋለሁ። ጠዋት ከሰል ሳቀጣጥል አየኝ። እጁን አነሳ። እኔ አላነሳሁም። ከሰል ልኮልኝ መልሼበታለሁ፤ የማይፈነጥረውን ዓይነት። እኔ የራሴን ገዛሁ፤ ይፈነጥራል። ሁለት ሸሚዝ በስቶብኛል፤ ግድ የለም፣ ወንድ ልጅ በሸሚዝ አይለካም።

የመጀመሪያው ቀን ፊቴ ትልቅ ሰልፍ ነበር። እውነቱን ልጻፍ፤ ሰልፉ የአውቶቡስ ነበር። ግን ጀርባቸውን አልሰጡኝም።

አሁን ምረጪ። ወይ የእኔ ፍርግርግ፣ ወይ የእሱ፣ ወይ እዚያው ድንጋይሽ መሃል ፈርመሽ ቅሪ። የእናቴ ልጅ ከሆንሽ የት መቆም እንዳለብሽ አይጠፋሽም። ፍርግርጌ አለ፣ ቦታዬ አለ፣ ስሜም በትልቁ ተጽፏል፤ በራሴ እጅ፣ በቀይ ቀለም። ይሄን ሁሉ ትቼ ሌላ ምን ልጨምርልሽ?

ወንድምሽ፣ ባለ ፍርግርጉ


ጥር 17

ለወንድሜ፣

አልፈረምኩም። ጸሐፊው ውሉን እንደያዘ ትቼው ሄድኩ። ከዐሥር ቀን በኋላ፣ ሐሙስ፣ የጭነት መኪና እሳፈራለሁ።

«ሌላ ምን ልጨምርልሽ?» ብለህ ጠይቀሃል። ደብዳቤህን ደግሜ አየሁት። ስለ መዘውሩ አለ፣ ስለ ጭሱ ጎሮሮ አለ፣ ስለ ስምህ አለ። ሥጋውን ማን እንደሚቆርጥ፣ እሳቱን ማን እንደሚያዝ፣ ደንበኛው ሲመጣ ማን «አቤት» እንደሚል የለም። እኔ የቱ ጋ ነኝ? ጠረጴዛው ጎን ልቆም ነው? አንተ ስታወራ ሥጋ ላቀብልህ?

ልብስ ሰፊው በሁለት መስመር ጽፎልኛል። «ቢላዋው ያንቺ ነው። እኔ ከሰሉን እይዛለሁ፤ ስህተቴን ሰው ፊት ንገሪኝ፣ አልቀየምም» ይላል።

ስለዚህ እሱ ጋ እቆማለሁ። የእናትህ ልጅ መሆኔን ይሄ አያፍቀውም። የሥጋ ዘመድነት ሌላ፣ ሥጋ ቤት ሌላ ነው። ማደሪያ አግኝቻለሁ፤ ከልብስ ሰፊው እህት ጋር ነው። መናኸሪያ እንዳትመጣ። ብትመጣ እዚያው እንጣላለን፤ ሻንጣዬም ከባድ ነው።

አንተም ፍርግርግህን እንዳትዘጋው። ሃያ ሦስት ሰው ባዶ እጁን ሲመለስ ቆጥረሃል።

እህትህ


የካቲት 12

ለእታለም፣ ማዶ

ይህን የሚያደርስልሽ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጩ ነው። ሃያ ሁለት እርምጃ ለምን ራስህ አትራመድም ብሎኛል። አይመለከትህም ብዬዋለሁ።

ይቅርታ አላደረግሁልሽም። ይሄ መጀመሪያ ይታወቅ። መናኸሪያም መጥቼ ነበር፤ ከጭነት መኪናው ስትወርጂ አጥሩ ጥግ ቆሜ አይቼሻለሁ። ደረጃውን በጎንሽ ነው የወረድሽው። ሻንጣሽን ልብስ ሰፊው ተቀበለሽ። ተመልሼ ሄድኩ፤ መንገድ ላይ የሚገኘውን ጠርሙስ ሁሉ በእግሬ እየመታሁ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ እያየሁሽ ነው። ጠይቀሽኝ የነበረውን አሁን በደንብ አጥንቼዋለሁ፤ እንደ ሠራተኛ። ደንበኛው ከመናገሩ በፊት ታውቂዋለሽ። ሥጋውን የምትቆርጪው ሲጠየቅ ብቻ ነው። ልብስ ሰፊውን በቀን አሥር ጊዜ ትቆጪዋለሽ፤ አሥሩንም «እሺ» ይላል። እኔ ብሆን በሁለተኛው ቢላዋውን ጥዬ እሄድ ነበር። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም።

ከአሥር ሰዓት በኋላ ሥጋችሁ ያልቃል። ከዚያ ወደ እኔ ይሻገራሉ። ስለዚህ ከእናንተ በተረፈ ሰው ነው የምኖረው፤ ይሄን ስጽፈው እንኳ ጥርሴ ይፋጫል። የተሻገረውም ሁለተኛ አይሻገርም። ጎድኔ ከላይ ጠቁሮ ከውስጥ ደም ነው። ትናንት አንድ ሹፌር አንስቶ ወደ ፀሐይ ዘርግቶ አየውና፣ «ጌታው፣ ይሄን ጠበስከው ወይስ በየድከው?» አለኝ። የቆመው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ በኋላ ግን መዘውሩን በመዶሻ መታሁት። ከፍ አደረግሁት፣ ዝቅ አደረግሁት፣ ከሰል ቀየርኩ፣ ሥጋ ቀየርኩ። ያው ነው።

ምን እንደማጠፋ እንዳትነግሪኝ። ራሴ እደርስበታለሁ። መልስ ከጻፍሽም በራስሽ እጅ ጻፊ፤ የልብስ ሰፊውን ጽሕፈት አውቀዋለሁ። ቆራጩ ቆሞ ይጠብቅሻል፤ አውቶቡሱ ስለሚነሳ አታስረዝሚ።

ወንድምሽ


(በዚያው ወረቀት ጀርባ፣ በእህቱ እጅ፣ ጥጉ ስብ በነካው ጣት ተነክቶ)

ጎድኑን ቶሎ ቶሎ አትገልብጠው። ከዚህ ይታየኛል።